የበሩ ቀረጥ

ዜናው የደረሰኝ ሮቤ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ባለቤቴ መምህር ጀማል ለሕክምና ጎባ ከሄደ ሰንብቷል፤ ስልኩን ያነሳሁት «ተሽሎኛል» ይለኛል ብዬ ነበር። የደወለው ወንድሙ ነው። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼው መጣሁ።

አገር የሚለወጠው በትልልቅ አዳራሽ በሚደረግ ንግግር ነው ይባላል፤ እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ጀማል ግን የአገር ነገር የሚወሰነው ክፍል በር ላይ ነው ባይ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ ተማሪዎቹን ቀረጥ ያስከፍላል። ቀረጡ አንድ ጥያቄ ነው። ያልጠየቀ አይወጣም። መጠየቅ የለመደ ልጅ ደግሞ ቤቱ ሲገባ አያርፍም፤ ስንቱን አባት ራት ላይ ጉርሻው አንቆት መሰላችሁ!

የሲናናው ገበሬ አባ ከድር አንዱ ናቸው። ልጃቸው ሞሚና «በየዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ የምንዘራው ለምንድን ነው?» ብትላቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ።

«ስማ አንተ መምህር! አስተምርልኝ አልኩህ እንጂ ዳኛ አድርገህ ላክብኝ አልኩህ?»

«ምን ብለው መለሱላት?»

«ዝም በይ አልኳት!»

«እሱማ መልስ አይደለም» አላቸው እየሳቀ።

አባ ከድር አፏን ለማስያዝ ብለው ግማሹን መሬት ባቄላ ዘሩበት። በዓመቱ መሬቱን በሙሉ ስንዴ ቢዘሩት፣ ባቄላ በነበረበት በኩል የበቀለው ስንዴ ጎረቤትን አስቀና። «ዝናቡ ነው» አሉ። ዝናቡ የዘነበው በግማሹ ላይ ብቻ ነበር መሰለኝ።

ሞሚና ዛሬ ራሷ መምህርት ናት። ጀማል ያረፈ ሰሞን ብድሬ ከተማ ትምህርት ቤት ተመድባ፣ አባቷ «ሩቅ ነው፣ አትሄጂም» ብለው ይዘዋት ነበር። ለተዕዚያ፣ እኔን ሊያጽናኑ፣ አብረው መጡ። አባ ከድር ድንኳኑ ውስጥ እንባቸውን እየጠረጉ ቆዩና ሊወጡ ሲነሱ፣

«ያ ራቢ! እንግዲህ ያ በር ላይ ማን ይቆማል?» አሉ።

ሞሚና ከሴቶቹ መሀል ቀና አለች። «አባ፣ እኔስ ብድሬ ልሂድ ያልኩዎት ለምን ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱና፣

«የብድሬ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉ።

ያ ስልክ ከተደወለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሰውየው ቀረጣቸውን ከነትርፉ ከፍለው ወጡ።

አሁን ቤቴ ጭር ብሏል፤ «ሻዩ ዛሬ ለምን ቀጠነ?» የሚለኝ የለም። ሰሞኑን ግን ሞሚና ደውላ የብድሬ አባቶች ስሞታ መጀመራቸውን ነገረችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እንግዲህ ለጀማል ዱዓ አድርጉለት፤ ክርስቲያኖችም በጸሎታችሁ አስቡት። «የማናውቀውን ሰው ለምን?» የሚል ካለ አይፈር። ጀማል መጀመሪያ በበሩ የሚያሳልፈው እሱን ነበር።