መምህር ላቀው በሲሶ ላይ የዘመቱበት ዜና

ጠመኔ በጨበጡ በዘጠነኛው፣ ወደ ደባርቅ ዝውውር በለመኑ በስድስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ በዕለተ ሠሉስ፣ ከዳባት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች ትምህርት ቤት፣ መዋዔ ክፍልፋይ፣ ፈታሔ መቶኛ፣ የስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ጌታ መምህር ላቀው ጥምርታን ሊያስተምሩ ተነሡ።

ምክንያተ ዘመቻውም ይህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ ደባርቅ ነዋሪ ነበሩና፣ መምህር ቅዳሜ ሄደው እሑድ ስለሚመለሱ፣ የሁለት ዓመት ልጃቸው አባቷን እንግዳው እያለች መጥራት ጀመረች። ይህም አንጀታቸውን በላው። የዝውውሩን ድጋፍ የሚጽፉት ሱፐርቫይዘር አቶ ገብረ ሚካኤልም በዚያች ዕለት ማስተማራቸውን ሊመዝኑ መጥተው ከክፍሉ ጀርባ ተሰየሙ።

ሠራዊቱም ተሰለፈ፤ በቀኝ አፍንጫቸውን ያልተናፈጡ ሃያ፣ በግራ አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈሉ ሃያ አንድ፣ በመካከል የሰሌዳ ጨርቅ ያዡ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በመስኮትም አንገቷን ያስገባች አንዲት ፍየል።

መጽሐፉ ስለ ብርቱካን ጭማቂ ይተርክ ነበር፤ በዚያ ደጋ ብርቱካን የቀመሰ ስላልነበረ ሠራዊቱ አዛጋ። መምህርም በጥበባቸው ብዛት ምሳሌውን ወደ አውድማ መልሰው፣ ገብስና ቁና አስመጥተው፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ያልሰማህም ስማ። መሬቱን ለሲሶ የሰጠ ሰው ከምርቱ ሦስት እጅ አንዱን ይወስዳልና፣ የባለ መሬቱና የአራሹ ጥምርታ አንድ ለሦስት ነው።»

ወሩ የውቂያ ወር ነውና ምርት ሲሰፈር ያላየ ልጅ አልነበረም፤ ሁለቱም ክንፍ በሳቅ ፈረሰ። የሲሶ አራሽ ልጅ ዘቢደርም ተነሥታ የራሷን አዋጅ ነገረች፦

«በአባቴ አውድማ አንድ ቁና ለባለ መሬቱ፣ ሁለት ለእኛ ነው የሚሰፈር። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ቁናው አራት ሊሆን ነው፤ አራተኛውን ማን ወቃው?»

ወእምዝ መምህር ዝውውራቸው ከዓይናቸው ፊት ሲበን እያዩ ጠመኔውን ለዘቢደር አስረከቡ። እሷም ገብሱን ወለሉ ላይ አንድ እዚህ፣ ሁለት እዚያ እያለች ሰፈረች። ክፍሉም ገባው፤ እኩል ቢባል አንድ ለአንድ፣ ሩብ ቢባል አንድ ለሦስት እያለ ያለ ስሕተት መለሰ። ፍየሊቱ ግን በመስኮቱ ዘላ ገብታ የአራሹን ድርሻ በላች።

ሱፐርቫይዘሩም ተነሥተው የጻፉትን አነበቡ፦

«መምህር ላቀው ሆን ብለው በመሳሳት ተማሪን ማዕከል ያደረገ ዘዴ በተግባር አሳይተዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መምህር ከዚህ ትምህርት ቤት እንዳይነቃነቅ ወስነናል።»

መምህር ከልባቸው መሳሳታቸውን ሊናዘዙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጭብጨባው ግን ዋጣቸው። ቅዳሜ ደባርቅ ደርሰው ወረቀቱን ሲያነቡ፣ ወይዘሮ የሺወርቅ ጥምርታውን ያለ ጠመኔ አወጡት፤ ለቤቱ አንድ ሌሊት፣ ለትምህርት ቤቱ ስድስት።

እንግዲህ ዝናቸው ከሊማሊሞ አፋፍ በላይ ይውጣ፣ ጠመኔያቸው አይሰበር፣ ወንበራቸውም በዚያችው ክፍል ለዘለዓለም ይጽና። ይህን ምርቃት ሰምቶ አሜን ያላለ እሳቸው ብቻ ናቸው።