ጤና ጣቢያውን ብሎክ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ «ነፍሰ ጡር ነዎት» ተባልኩ!

እኔ! ይህ ሁሉ ጢም ያለኝ ሰውዬ!

ነገሩ የጀመረው ከእግሬ ነው። ለቡና ለቀማው መንገድ ስመነጥር ገጀራው ቁርጭምጭሚቴን ነካ አደረገኝ። ቅጠል ወቅጬ አሰርኩበት፤ አበጠ። ልጄ ሰምታ በስልክ ጮኸችብኝ። (ይህን ፌስቡክ የከፈተችልኝ እሷ ናት። «አባዬ፣ የቡና አበባ ፎቶ ብቻ ለጥፍ» ብላኝ ነበር። ይኸው!)

እናም እያነከስኩ ወደ አማን ከተማ ወረድኩ።

ድሮ ካርድ ክፍል የሚባል ነበር። ስምህን ትናገራለህ፣ ሰውዬው አቧራ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ግማሽ ቀን ቆይቶ የሞተ ሰው ካርድ ይዞልህ ይወጣል። አሁን ኮምፒዩተር ነው። ስልክ ቁጥር ብቻ!

ሲስተር ሕይወት የምትባለዋ ነርስ ጠየቀችኝ። ቁጥሬን እንደ ፎካሪ ጮክ ብዬ ነገርኳት።

ስክሪኑን አየች። ጢሜን አየች። እንደገና ስክሪኑን።

«አባባ፣ ይህ ቁጥር የእርስዎ ነው?»

«ከእኔ ሌላ ማን ይደፍረዋል!»

«እዚህ ግን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነው የሚለው።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሸዋ ቤንች የመጣች አንዲት የእኔ እኩያ ሴትዮ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እሰይ! ማርያም በሽልም ታውጣህ!» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ማሽናችሁ አብዷል! ሰርዢው!»

ልጅቷ አልሰረዘችም። ስሜን ጠየቀችኝ። የአባቴን ስም። ዕድሜዬን። የማይስማማኝን መድኃኒት።

«ኮምፒዩተሩ አያውቅም እንዴ?»

«እሱ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው፣ አባባ። ሳልጠይቅ ብጽፍ የእርስዎን መርፌ ለእርጉዟ፣ የእሷን ኪኒን ለእርስዎ ልሰጥ ነው።» ቀጥላም፣ «ዝናሽ የምትባል ሴት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ሰዉ ገና ይስቃል። እኔ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ።

ዝናሽ ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ናት። ባሏ ቴፒ ቡና ለቀማ ሄዷል። ስልክ የላትም። ቢኖራትም እታች ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ፣ እኔ ደጅ፣ አቮካዶ ዛፌ ሥር ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ቁጥር ሲጠየቅ የእኔን ይሰጣል። ለትምህርት ቤት የእኔ። ለቡና ማኅበር የእኔ። «የእኔን ስጡ!» እላለሁ ደረቴን ነፍቼ።

ሲስተር ሕይወት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር። ቶሎ ተመለሺ ብለናት ቀረች። መልእክት ላክን። የተመለሰልን ይህ ነው» ብላ የጤና ጣቢያውን ስልክ አዞረችልኝ።

የእነሱ፦ «ውድ እናት፣ የክትትል ቀንዎ አልፏል። እባክዎ...»

የእኔ፦ «እናትስ እናትህ ናት። እኔ የስድስት ልጆች አባት ነኝ!»

ከ«ውድ እናት» በኋላ ያለውን አላነበብኩትማ! እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ አንድ መስመር ማንበብ አንድ ማሳ እንደማረስ ነው። ሰደበኝ ብዬ ሰደብኩት። ከዚያ ልጄ ያስተማረችኝን አደረግሁ።

ብሎክ።

ጤና ጣቢያውን ብሎክ አደረግሁት!

(እዚህ ላይ ላይክ እንዳታደርጉ።)

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም እኮ። ሚዛንና አማን ገና ሳይገናኙ፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሳለ፣ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ በገበያ ቀን ይጠራኝ ነበር። «ለእገሌ ሚስት ንገራት፣ ነገ ትምጣ። አደራ!» ይለኛል። በቃ። ያቺን ቃል እንደ እንቁላል ይዤ በዝናብ ዳገቱን እወጣለሁ። ከራሴ ቤት «ጎደሬው በስሏል፣ ግባ!» እያሉኝ ደጄን አልፌ መጀመሪያ እሷ ደጅ። በድንበር የተጣላሁት ሰውዬ ቤት እንኳ አድርሻለሁ! ፊቴን አዙሬ ለአጥሩ ነገርኩት፤ እሱም ከአጥሩ ሰማ። ሚስቱ በሰላም ተገላገለች። እስከ ዛሬ አንነጋገርም።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ጭቃው አይደለም። ደጅ ቆሜ «ቃል አለኝ» ስል ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል የነበረው ነው የሚናፍቀኝ።

ያው አደራ ኪሴ ድረስ መጥቶ ጮኸ፤ በአውራ ጣቴ ገደልኩት።

ቁስሌን ሳላሳጥብ ባጃጅ ያዝኩ።

ዝናሽ ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ የተበላሸ ፍሬ ትለቅማለች። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። ጫማዋን አውልቃለች፤ እግሯ አብጦ አልገባ ብሏት።

እንደ ድሮው ደጅ ላይ ቆምኩ። «ቃል አለኝ! ጤና ጣቢያ ይፈልጉሻል፣ አሁኑኑ!»

«ምነው አባባ፣ ቡናው ሳይገባ? ራሴን ነው እኮ የሚያመኝ። ዓይኔም ትንሽ ብዥ ይልብኛል እንጂ...»

«ቡናውን ጦጣ ይብላው! ተነሺ!»

ባጃጁ ውስጥ ጠየቀችኝ። «መቼ ነው የጠሩኝ?»

«ዛሬ» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቆይቷል» አልኩ። «የቆየው እኔ ጋ ነው።»

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መንገዱን እያየች ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ መርፌ ወግተው ለሆስፒታል አምቡላንስ ጠሩላት። እስኪመጣ ሲስተር ሕይወት ኮምፒዩተሩ ላይ የእሷንና የእኔን ለያየች። «ዝናሽ፣ ከእንግዲህ በማን ስልክ እንፈልግሽ?»

እኔ ወለሉን አየሁ።

«በአባባ» አለች ዝናሽ።

«ያነሳሉ ብለሽ ነው?»

«አሁንማ ያነሳሉ።»

ሲስተሯ ጻፈች። ጮክ ብላም አነበበችልኝ፦ «ስልኩ የጎረቤት ነው። ባለ ስልኩ ወንድ ናቸው፤ ነፍሰ ጡር አይደሉም።»

ያቺ የሸዋ ቤንች ሴትዮ ለካ አልሄደችም! «ወይኔ፣ እኔ ደግሞ ለገንፎው ልመጣ ነበር!»

አሁን ዝናሽ ሆስፒታል ተኝታለች። ግፊቷ እየወረደ ነው። የልጁን ልብ በማሽን አሰሙን፤ እንደሚጋልብ ፈረስ ነው። ግን ገና ነው፣ እዚያው ትቆያለች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

ይህን የምጽፈው አቮካዶ ዛፌ ሥር ሆኜ ነው፣ እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ። ብሎኩን አንስቻለሁ።

ቅድም ስልኩ ሲጮህ በታመመው እግሬ ዘልዬ ተነሳሁ። የስልክ መጥሪያ ዘፈን የምትሸጥ ልጅ ነበረች። እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። ስትጨርስም፣ «ልጄ፣ ለሰፈሩ ሰው የማደርስልሽ ቃል አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ዘጋችብኝ።

ብሎክ ሳታደርገኝ አልቀረችም። ይበለኝ!