ቀዳዳችንን የደፈነችው አበባ

አበባ የሚጠላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እዩ። ሠርግ ቤት እንኳ እቅፍ አበባ የያዘች ሚዜ ካየሁ ዓይኔ መውጫ በር ይፈልጋል።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ አስካለ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከፈረቃ ስትወጣ ጓደኛዋ የሰጠቻትን ሐረግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ጓሮ፣ ከጎመኗ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር ተከለቻት። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። አበባዋ ሐምራዊ፣ እንደ ጡሩምባ አፍ የተከፈተ። ጠዋት ትስቃለች፣ ቀትር ላይ ትጨማደዳለች። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም።

ቁንጅናዋ ምን ያደርግልኛል? በአንድ ክረምት አጥሩን አለበሰችው። ጎመኑን አነቀችው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዛ ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣች። ብትቆርጧት ቁራጩ ራሱ ሥር ያወጣል። ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቀዳዳዬን ስትደፍን ነው።

የምን ቀዳዳ? ያኔ እኮ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። ትምህርቱን ጥሎ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ እንደ እኔ ያለ ጎረምሳ ለቀበሌው ድግስ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ወንድ ልጅ ሁሉ የጓሮ አጥሩ ላይ ቀዳዳ ነበረው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች የፊቱን በር ሲያንኳኩ እኛ በጓሮ ወጥተን ወንዝ ዳር ነን። ጎረቤቴ ሰይድ፣ የወሎዬው ሹፌር ልጅ፣ ለራሱ ቀዳዳ መጋረጃ ሁሉ ሰቅሎለት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማጭድ ይዤ ሐረጉን ልጨርሰው ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ግቢ እየጎበኘ ከች አለ። ማጭዴን አይቶ ፈገግ አለ፤ የፓርቲውን ዓርማ የያዝኩ መስሎት ይሆናል። ከዚያ አበባውን አየ።

«ጓዲት አስካለ፣ እንዴት ያምራል!»

ቀይ ቢሆን እንደሚመርጥ፣ ሐምራዊም ግን ለቀይ ቅርብ እንደሆነ አስረዳን። ግቢያችን አርአያ ተባለ። አበባውን የነካ ልማት እንዳደናቀፈ ይቆጠራል ተባለ። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ቤት ከእኛ እየወሰደ አጥሩ ላይ እንዲተክል ታዘዘ።

እናቴን ለመንኳት። «እማ፣ ይሄ ነገር ያስይዘኛል» አልኳት።

«ዝም በል! ሊቀመንበሩ ወዶታል እኮ። ግቢያችንን ከወደደ አንተን አይነካህም» አለችኝ።

ይኸውላችሁ፣ አበባውን ጉቦ አድርጋ መስጠቷ ነበር፤ ጎመኗን መርቃ። ለሰፈሩም በደስታ አደለች። ሰይድ ቀዳዳው ላይ የተተከለውን እያየ፣ «የእናትህ እጅ ለምለም ነው፣ ምን ይደረግ» አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ማለዳ ላይ በሩ ተንኳኳ። ወደ ጓሮ በረርኩ። ቀዳዳው የታለ? አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነው። በግምት ጭንቅላቴን ሰደድኩ፤ አንገቴ ታነቀ፣ እግሬ ተጠለፈ፣ እንደታረደ በግ ተንጠለጠልኩ። ከወዲያ ማዶ የሰይድ እርግማን ይሰማኛል። ጥበቃው ደረሰብኝና ጓደኛውን፣ «ቀስ ብለህ ፍታው፣ አበባው እንዳይበጠስ!» አለው። አንድ ቅጠል ሳይረግፍ ተያዝኩ፤ ሰይድም እንደዚያው።

እናቴ ማሠልጠኛ ድረስ ልትጠይቀኝ መጣች። ከስታለች። ዳቦ ቆሎ ሰጠችኝና ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ከነጠላዋ ሥር እርጥብ ጨርቅ አወጣች።

«እማ፣ በእግዜር!»

«አለቃህ ፊት ትከለው፣ ልጄ። የኛው ሊቀመንበር እንኳ ክፉ ሰው ሆኖ ነው። አበባ የሚወድ አለቃ ካገኘህ ግንባር አይልክህም» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ።

ግንባር የሄደ ሲመለስ አላየንም። ፈርቼ ነበር። ተከልኩት፣ ሽቦ አጥሩ ሥር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመቶ አዛዡ አበባው ፊት ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «እንዴት ያምራል!» አለ። ከዚያ ሽቦው ዙሪያውን በሙሉ እንዲተከል አዘዘ። ተካዩም እኔ።

ለካ ሰይድና ጓደኞቹ ግንባር ሳይላኩ ለመጥፋት ሽቦው ላይ ቀዳዳ ጀምረው ኖሯል። ሰይድ ሐረጉ ሲወጣበት ቆሞ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እናትህስ ሰፈር ነው የዘጋችው» አለኝ። «አንተ ጦር ሰፈር!»

በሳምንቱ ሁላችንም ወደ ግንባር ተጫንን። አበባው ግን ለአርአያነት እዚያው ቀረ።