ካርቶኔን ከሥሬ የሚወስዱት መምህርት

በየሰፈሩ አንድ ካርቶን አሳዳጅ መምህር አይጠፋም። «እኛ ሰፈር የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁት፤ እሱ ራሱ ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክብርት መምህርት አሪፋ ናቸው። የእኔንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እሱንም እስካሁን ያልወሰዱት በመቀስ ስለማይቆረጥ ይመስለኛል። ሁለተኛ ክፍል ያስተምራሉ ይባላል እንጂ ዋናው ሥራቸው ፋይል ነው። ቢሮ የጣለውን፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተውን ወፍራም ፋይል ይሰበስቡና ውስጡ የሒሳብ ጨዋታ ይሠሩበታል። በግራ ገጽ ሐይቃችንን በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሥላሉ፤ በቀኝ ታንኳ ይደረድራሉ። ከካርቶን የተቆረጠው ዓሣ ሆዱ ላይ «4 + 3» ይጻፍበታል፣ ታንኳው ላይ ደግሞ «7»። ልጁ ዓሣውን ታንኳው ላይ ያሳፍራል። ጨዋታው ሲያልቅ ዓሣዎቹ ፋይሉ ላይ በተለጠፈ ኪስ ይገባሉ፣ ፋይሉም ይታጠፋል።

«ሁሉም በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው።

ከየትኛው ስልጠና እንዳመጡት እንጃ። እኔ የምለው ግን የእትዬ አሪፋ አካባቢ የት ላይ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ ውጫሌ ድረስ ሄደው አሮጌ ፋይል ተሸክመው ሲመለሱ፣ የሚኒባሱ ረዳት «ይሄ ዕቃ ይከፈልበታል» ቢላቸው እዚያው ወንበሩ ላይ ከፍተው አጫወቱት። ረዳቱ ዓሣ ሲያሳፍር ተሳፋሪው መውረጃውን አለፈው። የጎረቤታችን የኑርዬ ልጅ ሰርግ ላይም ኬኩ ገና ሳይቆረስ ካርቶኑ ጠፍቷል።

የእኔ ዶሮ በብስኩት ካርቶን ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ነበር። በየማለዳው በአጥሩ ብቅ ይሉና «ስህንዬ፣ ዶሮዋ እንዴት አደረች?» ይሉኛል። ደግነታቸው ገርሞኝ ነበር። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ዕለት ካርቶኑ ሄደ።

እኔ ገበያ ዳር ጉሊት ተቀምጬ ቲማቲምና ሽንኩርት እሸጣለሁ። ድንጋዩ ስለሚቀዘቅዝ ካርቶን አነጥፍበታለሁ። ሌላው ደንበኛ «መርቂልኝ እንጂ!» ብሎ አንዲት ቲማቲም ሳይጨመርለት አይሄድም። እትዬ አሪፋ ግን ዓይናቸው ቲማቲሙ ላይ አይደለም።

«ለእኔ ካርቶኑን መርቂልኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ተቀምጬበት እኮ ነው!»

«ተነሺያ! ለሒሳብ ነው፣ ወላሂ ለሒሳብ!»

ይጎትቱታል። ምን አደርጋለሁ፤ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ።

ዘንድሮ ልጄ ማርያማዊት የሳቸው ተማሪ ሆነች፤ መደመርም አልሆንላት አለ። አምስትና ሦስት ዘጠኝ፣ ሁለትና ሁለት አምስት።

«እናትዬ፣ በዚህ ከቀጠለች ትደግማለች» አሉኝ።

ሳቄ ጠፋ። እኔም መጀመሪያ ደገምኩ፣ ከዚያ ከአራተኛ ክፍል ቀርቼ ጉሊት ቁጭ አልኩ፣ ይኸው እስካሁን አልተነሳሁም። ልጄ አጠገቤ የራሷን ካርቶን ስታነጥፍ ታየኝ።

እትዬ አሪፋ ዘመቱ። የዓሣ ፋይል፣ የንብ ፋይል፣ የባጃጅ ፋይል ሠሩላት። ማርያማዊት በሁሉም አንድ ትጨምራለች። ባጃጁ ላይ ሳይቀር አንድ ሰው ትርፍ ጫነች።

«እንደ ሾፌሮቹ ናት» አልኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ሰነፍ እንዳገኘ ነው የሚሳሳተው። ይቺ ሁልጊዜ በአንድ ነው የምትበልጠው፤ የሆነ ነገር አላት።»

በመጨረሻ የጉሊት ፋይል ሠሩ፤ ቲማቲሙ ቀይ ቆርኪ ነው። ገበያ ይዘውት መጥተው ፊቴ ከፈቱት።

«ማርያማዊት፣ እኔ ደንበኛ ነኝ። አምስት ቲማቲም አርጊልኝ። እሺ፣ ሦስት ጨምሪልኝ።»

ልጄ አምስቱን ደረደረች፣ ሦስቱን ጨመረች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዲት ቆርኪ አነሳችና ከላይ ጣል አደረገች።

«ስንት ሆነ?»

«ዘጠኝ።»

«ይቺኛዋ ደግሞ ከየት መጣች?»

ልጄ ግራ ገብቷት አየቻቸው። «ምርቃት ናታ፣ ቲቸር! ያለ ምርቃት ማን ይገዛል?»

እትዬ አሪፋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ። ጡት ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ አጠገቤ ያደገች ልጅ ናት፤ ቆጥሬ ቆጥሬ አንድ ጣል ሳደርግ ስታይ ነው የኖረችው።

«ስህን!»

«አቤት።»

«ሒሳቡን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ ለካ!» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ መቀሱ ወጣ። ፋይሉ ጥግ ላይ ትንሽ ኪስ ለጠፉና «ምርቃት» ብለው ጻፉበት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ሒሳቡን ንገሪኝ። ምርቃቷን ከዚያ በኋላ እዚህ ክተቻት። እሷ አትቆጠርም።»

ማርያማዊት አሰበችበት። «አትቆጠርም፣ ግን ትሰጣለች?»

«ትሰጣለች።»

«እሺ፣ ስምንት» አለችና አንዷን ኪሱ ውስጥ ከተተች።

ፈተናውን አለፈች። ወረቀቷን ሳየው በየመልሱ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በቀይ እርሳስ ትንሽ ክብ ተሥሏል። እትዬ አሪፋ አንዱንም አልሰረዙባትም።

ትናንት በባጃጆቹ መሃል ሲመጡ አየኋቸው። ዓይናቸው ፊቴ ላይ አልነበረም፤ ወደ ታች ዝቅ ብሏል። ካርቶኑ የሳሙና ነው፤ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ በጠዋት ሱቅ ለሱቅ ዞሬ የመረጥኩት። አፋቸውን ሳይከፍቱ ተነሳሁ።

«ምነው ስህን፣ ሳልጠይቅሽ?»

«ምርቃት ነው እትዬ፤ አይቆጠርም» አልኳቸውና ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።