ፍየሎቹ፣ የማንጎው ችግኝ እና የፈጠነው አስተርጓሚ

ሥራ ሲዘገይ ቁጣችን የሚወርደው ፊት ለፊታችን በቆመው ሰው ላይ ነው። ከጀርባው ምን እንደጎደለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጎረቤቴ አሶሳ ላይ ቤት ሲያሠራ በከተማው ስሙ የሚጠራ ግንበኛ ቀጠረ። በሄደ ቁጥር ግን የሚያገኘው መዶሻውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ወሬ ሲጠርቅ ነው። «አንድ ሰው አልቻለውም» አለና ሁለተኛ ግንበኛ ጨመረ። በማግስቱ ሁለቱ አብረው ሲጠርቁ ደረሰባቸው፤ እንዲያውም ወሬው ደምቋል። ለካስ ድንጋዩን ከወንዝ የምታመላልሰው አንዲት ያረጀች አህያ ኖራለች። እናንተ ትስቃላችሁ። እኔም ስቄ ነበር፤ መሥሪያ ቤቴ ያንኑ በዘመናዊ መልክ ሲደግመው እስካይ ድረስ።

እኔ የፍርድ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ከነቀምት ወደ አሶሳ ስመጣ ዋናው ሥራዬ የቢሮውን ብቸኛ ኮምፒውተር አቧራ እንዳይነካት በጥልፍ ጨርቅ መሸፈን ነበር። ጨርቁን ስንገልጥ የሙሽራ ዓይነ ርግብ የምንገልጥ ይመስል እጃችንን ታጥበን ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ሰው ሲናገር ሰምቶ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ገልብጦ፣ በሰው ድምፅ መልሶ ይናገራል። ዕድሜ ደጉ የማያሳየው የለም።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው በፍየል ነው። በአገራችን በፍየል ያልተጀመረ ክስ ምን አለና? ከባምባሲ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ የበርታ አዛውንት ገበሬ የማንጎ ችግኝ ተክለው፣ ውሃ በጀሪካን እያመላለሱ አሳደጉ። ጎረቤታቸው አቶ ይማም በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ አሁንም ሲናገሩ ትናንት ከደሴ የወረዱ የሚመስሉ ሰው ናቸው። የአቶ ይማም ፍየሎች አንድ ቀን አጥር ጥሰው ገቡና ችግኙን ከነቅጠሉ ከነቅርፊቱ ጨረሱት። ሼህ ኢድሪስ ከሰሱ።

ሁለቱ ሰዎች ከድሮም ጥሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ሼሁ የገበያ አማርኛ ያውቃሉ፤ አቶ ይማምም የገበያ በርታኛ አያጡም። ለሰላምታና ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፤ ለክስ ግን አይበቃም። ሼሁ ችሎት ፊት ቀርበው እንዲህ አሉ፦

«በአማርኛ እኔ ልጅ ነው። በራሴ ቋንቋ ግን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሆኜ መናገር ይፈልጋል።»

ዳኛዋ፣ ጫልቱ የሚባሉ የወለጋ ሴት፣ ልክ ናቸው አሉ፤ ሕጉም ከሼሁ ጋር ነው። ችግሩ የባምባሲ ወረዳ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ መሄዱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረውም እዚያው ነው። እኛ አስተርጓሚ እናሠለጥናለን፤ ሸርቆሌ ይቀጥራል። የሥራ ክፍፍል ይባላል።

ታዲያ የሥራ ባልደረባዬ አዚዛ እጇን አወጣች። አዚዛ የመንጌ በርታ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች፣ ስትናገር ቀስ የምትል፣ ስትሠራ ግን እንቅልፍ የሌላት። የእናቷንና የአክስቶቿን ንግግር ቀድታ፣ በርታኛ ሰምቶ አማርኛ የሚናገር፣ አማርኛም ሰምቶ በርታኛ የሚመልስ ፕሮግራም ስታስተምር ከርማለች። ኮምፒውተሩ በርታኛ ሲናገር ድምፁ የአክስቷ የሐሊማ ነው። ረጋ ያለ፣ እንግዳ የሚቀበል ድምፅ። ኔትወርኩ ደመና ሲያይ ስለሚጠፋ ከሩቅ አገር ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት አልተቻለም፤ ሁሉ ነገር ችሎቱ ጠረጴዛ ላይ ባለችው ኮምፒውተር ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

የመጀመሪያው ችሎት ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ሼሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ከዘራቸውን እየወዘወዙ፣ ሁላችንም ቁጣ መሆኑን ያወቅነውን ንግግር አወረዱት። ኮምፒውተሯ ሰማች። ዝም አለች። ማራገቢያዋ አጓራ። አሁንም ዝም አለች። ሼሁ ጥቂት ቆመው ጠበቁና ጉልበታቸው ሲደክም ተቀመጡ። አቶ ይማም ሳል ያዛቸው። ሼሁ ዘወር ብለው በገበያ አማርኛቸው፣ «ይማም፣ ይሄ ሳል አሁንም አልለቀቀም? መድኃኒት አልወሰድክም?» አሉ። «ወስጄ ነበር ወላሂ፤ አቧራው ነው» አሉ አቶ ይማም። ስለ ሳል፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ተጨዋወቱ። ይህን ጊዜ ኮምፒውተሯ ነፍስ ዘራችና አወጀች፦ «ይማም ጎረቤት አይደለም፤ ጅብ ነው።»

ሼሁ ደነገጡ።

«ጅብ?» አሉ ወደ አዚዛ ዞረው። «ጅብ በዛ። ጅብ ይውጣ።»

ጅብ ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ረፋዱ አለቀ፤ ከክሱ የተሰማው ግን ከመግቢያው አላለፈም። ዳኛ ጫልቱ ቁርጡን ተናገሩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህ ዕቃ ካልፈጠነ ወደመጣበት ይመለስ፤ መዝገቡም ሰው አስተርጓሚ ወዳለበት ወደ አሶሳ ይተላለፋል። ይህ ለሁለቱ ገበሬዎች በዘር ወቅት መመላለስ ነው። ለአዚዛ ደግሞ የድካሟ መና መቅረት።

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ጌትነት ግን ደስተኛ ነበሩ። ዕቃ የሚያስገዛ ችግር ሲመጣ ፊታቸው ይበራል። «ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው» አሉ፤ ስሌት የሚሠራውን የኮምፒውተሩን ክፍል ማለታቸው ነው። እጅግ ፈጣን የተባለ የስሌት ካርድ አስመጥተው በገዛ እጃቸው ከካርቶኑ አወጡት። እኔ ገጠምኩት። አዚዛ በርታኛ አናገረችው። ዝም አለ። ማራገቢያው ከድሮው አብልጦ አጓራ። አሁንም ዝም።

አዚዛ የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ የሚያሳይ መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፈተች። «እዩት፤ አዲሱ ካርድ ሥራ ፈቷል» አለች።

«አየሽ፣ አልደከመውም ማለት ነው!» አሉ አቶ ጌትነት በኩራት።

ነገሩን እኔ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ትርጉሙን የሚሠራው ሞዴል የሚሉት ነገር የቃላት ጎተራ አይደለም፤ የቁጥር ክምር ነው። አንዲት ቃል ለመተንፈስ ያ ክምር ከተቀመጠበት ሚሞሪ ተነሥቶ ወደሚያሰላው ክፍል መጓዝ አለበት። ለምትቀጥለው ቃል እንደገና። ክምሩ ከሚሞሪው ስለተረፈ ገሚሱ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው የሚያድረው፤ ከዚያ መምጣት ደግሞ በክረምት ከድንበር ከኩርሙክ እንደ መምጣት ነው። ካርዱ ያሰላል፣ ይጨርሳል፣ ከዚያ ቁጥር እስኪመጣለት ቁጭ ይላል። አቶ ጌትነት የገዙልን በፍጥነት የሚሠራ ሳይሆን በፍጥነት የሚጠብቅ ዕቃ ነው።

አዚዛ ያደረገችው ሲነገር ቀላል ነው። ቁጥሮቹ ከነጥብ በኋላ ረጅም ጅራት ነበራቸው፤ ጅራታቸውን ቆረጠች። ችሎት የማይፈልገውን ዕውቀት፣ የሩቅ አገር ኳስ ቡድኖችን፣ የባሕር ዓሣ አበሳሰልን፣ ከሥሩ ነቀለች። ክምሩ አነሰና ሙሉ በሙሉ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ውስጥ ገባ። የሰማውን ዓረፍተ ነገርም ለእያንዳንዱ ቃል ከመጀመሪያው እንዳያሰላው አጠገቡ እንዲያስቀምጥ አደረገች። መጓጓዝ ቀረ። አናገረችው፤ ገና ከንፈሯን ሳትገጥም መለሰላት። ያን ቀን አዚዛ ስትዘፍን ሰማኋት። ድምፅ የላትም፤ ግን ማን ያስቆማታል?

ታዲያ ጅራት ሲቆረጥ አንዳንዴ ሥጋም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ችሎት እንደተጀመረ ኮምፒውተሯ «የይማም በጎች ችግኜን በሉ» አለች።

አቶ ይማም ብድግ አሉ። «የተከበሩ ዳኛ! እኔ በግ የለኝም! ሰፈሩ ይመስክር፤ አንዲት በግ ከተገኘብኝ ልሰቀል! መዝገቡ ይዘጋልኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዚዛ ፊቷ ቀልቶ የጥቂቶቹን ቁጥሮች ጅራት በችኮላ መለሰች። በጎቹ ፍየል ሆኑ። አቶ ይማም ቅር እያላቸው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ሼሁ ሲናገሩ አማርኛው እግር በእግር ይከተላል። ዳኛዋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አቶ ጌትነት ከኋላ ሆነው ለሁሉም ፈገግ ይላሉ። እኔ በልቤ «ተገላገልን» አልኩ።

ሼሁ ግን ስለ ችግኙ ሲያወሩ ሆድ ባሳቸው። ውሃ ስለተሸከሙበት ትከሻቸው አወሩ። ድምፃቸው ከፍ አለና አንድ ነገር ተናገሩ። ኮምፒውተሯ ሳትውል ሳታድር አደረሰችው፦

«ያልተከሉትን መብላት ፍየሎቹ ከባለቤታቸው ነው የተማሩት።»

ይህን ቃል ሰፋሪ ለሆነ ሰው መንገር ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። አቶ ይማም ተነሡ። አሁን ቀልድ አልነበረባቸውም።

«እኔ ነኝ ያልተከልኩት? ወዳጅ ዘመድ በወባ እየቀበርኩ ያቀናሁት መሬት ነው! ወድጄ አልመጣሁ፤ ጭነው ነው ያመጡኝ!»

ይህም ወዲያው በሐሊማ ድምፅ በርታኛ ሆነ። ሼሁም ተነሡ። «ጭነው ያመጡህ ማን ቤት ነው? አባቴን ማን ጠየቀ?» አማርኛው ደረሰ። አቶ ይማም መለሱ፤ በርታኛው ደረሰ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይሰማዋል። ከአቶ ይማም ወገን ወጣቶች ተነሡ፤ ከሼሁም ወገን ተነሡ። አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። ሼሁ ይብሱኑ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረው በገበያ አማርኛቸው ጮኹባት፦ «ሐሊማ! አንቺ ጨዋ ነበር! ዛሬ ምን ሆነ?»

ዳኛ ጫልቱ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሜ፣ ዝጊው እባክሽ!» አሏት አዚዛን። ዘጋችው። ኮምፒውተሯ ዝም ስትል የቁጣው መንገድም ተቋረጠ፤ ሁለቱ ሰዎች የሚናገሩት ሳይደርስላቸው ቆመው ተፋጠጡ። ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጥተው ሁሉን አስወጡና አዚዛን ወደ ጠረጴዛቸው ጠሩ። እኔም ተከተልኩ።

«ጎበዝ ነሽ፤ ፈጥኗል» አሏት። «ለእኔ ልክ እንደዚህ ወዲያው ይንገረኝ። ለእነሱ ግን ቆይቶ ይንገራቸው።»

አዚዛ ግራ ገባት። «ምን ያህል ይቆይ፣ የተከበሩ ዳኛ?»

«እስኪቀመጡ ድረስ።»

እንዲህ ያለ መለኪያ በየትኛው መጽሐፍ አለ? አዚዛ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ያን ሁሉ ለፍታ ያባረረችውን መዘግየት እንደገና በክብር ልታስገባ ነው። ኋላ ግን ለዳኛዋ የጆሮ ማዳመጫና አንዲት አዝራር ሠራችላቸው። ዳኛዋ አዝራሯን ሲጫኑ ትርጉሙ ይለቀቃል፤ ካልተጫኑ እዚያው ይቆያል።

በሦስተኛው ችሎት ሼሁ ቆመው መራራውን ተናገሩ። አቶ ይማም ቃሉን ባይሰሙም ቃናውን አውቀው ተነሡ። ዳኛዋ በማዳመጫቸው ሰሙ፤ አዝራሯን አልነኩም። ወረቀት አገላበጡ። እንደገና አገላበጡ። ሼሁ ተቀመጡ። አቶ ይማም ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ቆዩና እሳቸውም ተቀመጡ። ዳኛዋ ተጫኑ። ቃሉ መጣ። አቶ ይማም ሰምተው ለመነሣት ከጀሉና ተዉት።

«አሁንስ ጉልበቴም እምቢ አለኝ» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሼህ ኢድሪስ፣ ችግኙን ፍየሎቼ በልተዋል። ይህን አልክድም። እተካለሁ። አጥሩንም እኔው አጥራለሁ። ያልተከለ ግን አይበሉኝ። ይህ ቃል ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይገባል።»

ዳኛዋ ይህኛውን ሳያቆዩ ለቀቁት። ሼሁ በሐሊማ ድምፅ ሰሙ። ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አጋደሙና በገበያ አማርኛቸው፣ ማንም ሳያስተረጉምላቸው፣ «ይሄ ቃል የቁጣ ነው፤ የልብ አይደለም። እኔ አጥፍቷል» አሉ። ልጅ ሆነው ተናገሩ፤ ማንም ግን ልጅ ናቸው አላለም። መዝገቡ በስምምነት ተዘጋ። ክረምቱ ሲገባ ሁለቱ አብረው ሲያጥሩ አይቻለሁ፤ በምን ቋንቋ እንደሚጨቃጨቁ ግን ከመንገዱ አልተሰማኝም።

አቶ ጌትነት በየስብሰባው ስለ ፈጣኑ ካርድ ማውራት ቀጠሉ፤ ዝናችንም ወጣ። ሰሞኑን ከሌላ ወረዳ ፍርድ ቤት ስልክ ተደወለ። አዚዛ አነሣች። ፈጣኑን ማሽን ሊጠይቁ ነው ብላ ፊቷ በርቶ ነበር፤ አዳመጠች፣ አዳመጠችና ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«የነሱ አስተርጓሚ ሰው ነው አሉ» አለችኝ። «አዝራሯ ለእሱ ትገጠም እንደሆነ ነው የሚጠይቁት።»