የኤርሚ ላፕቶፕ ላይ ያለችው ፕላስተር

ዛሬ በስድስት ሰውና በአንዲት ዶሮ ፊት የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም። ብታምኑም ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ጆሮዬ ግን እስካሁን ትኩስ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ የኦፕን ሶርስ ፎረም ላይ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው ሁሉ እያነበበኝ፣ «አፕዴታችሁ የወንድሜን ላፕቶፕ ገደለው» እያልኩ ስጮህ ነበር።

አልገደለውም።

ማን እንዳደረገው የታወቀ ጊዜ እኔ ካቻቢቴ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ላፕቶፑ የኤርሚ ነው። ኤርሚ ታላቅ ወንድሜ ነው። ካረፈ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። እጀምርና አቆማለሁ። ስለዚህ ስለ ላፕቶፑ ልጻፍ።

አሮጌ ነው። ወፍራም ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፌን ሦስት እጥፍ ይወፍራል። ኤርሚ ሊኑክስ ጭኖበታል። ሊኑክስ ማለት ማንም ሰው በነጻ የሚወስደው፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየው፣ የተበላሸ ካገኘ የሚያስተካክለው፣ «ኦፕን ሶርስ» የሚሉት ሲስተም ነው። እኛ ቤት ይህን ነገር የሚረዳው እሱ ብቻ ነበር። አባቴ «ነጻ ከሆነ አንድ የጎደለው ነገር አለ» ይለው ነበር። ኤርሚ ደግሞ «አዎ አባ፣ የጎደለውን እኛ ነን የምንሞላው» ይላል።

ስትከፍቱት ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ትመጣለች። ኤርሚ ነው የጻፋት። ለኔ ነው። እሱ በሌለበት እየሰረቅኩ እንደምከፍትበት ያውቅ ነበር።

«ታሬ፣ ቁርስ ሳትበላ ዕቃዬን አትንካ።»

አሁንም ትመጣለች። ስከፍተው ሁሌ። እኔም ሁሌ ቁርሴን በልቼ ነው የምከፍተው። ከአንድ ቀን በስተቀር። እዛ ቀን ላይ እንደርሳለን።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ብዙ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው ላፕቶፑን የከፈትኩት። ቤታችን ዋይፋይ የለም። በገመድ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። «አዲስ ማሻሻያ አለ» አለኝ። ኤርሚ አፕዴት ሲመጣ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። እኔም ለእሱ ብዬ ተጫንኩት።

በማግስቱ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይዤው ሄድኩ።

ዋይፋይ የለም። ደካማ አይደለም። ቀርፋፋ አይደለም። የለም።

እዚህች ላይ አልቀልድም። ኤርሚ አራት ዓመት አክርሞ ያቆየውን ዕቃ እኔ በአንድ ቁልፍ ሰበርኩት ብዬ አሰብኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ለማላውቃቸው ፈረንጆች ብቻ ነገርኩ።

ደግ ሰዎች ናቸው። አንዱ የዋይፋዩን ካርድ ዓይነት ጠየቀኝ። አንዱ የቆየ ድራይቨር ላከልኝ። ድራይቨር ማለት ሲስተሙና ካርዱ እንዲግባቡ መሃል የሚቆም አስተርጓሚ በሉት። አምስት አስተርጓሚ ቀያየርኩ። ካርዱ ከአንዱም ጋር አልተነፈሰም።

ገና በመጀመሪያው ቀን ግን ፕሮፋይሉ ላይ የድመት ፎቶ ያደረገ ሰውዬ አንዲት መስመር ጽፎልኝ ነበር።

«የዚህ ላፕቶፕ ጎኑ ላይ ትንሽ የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። በርቷል?»

እኔ ምን ብዬ መለስኩ?

«ጌታዬ፣ ይህ የወንድሜ ላፕቶፕ ነው። በደንብ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ማብሪያ የለውም።»

«አንተ ራስህ የላክህልን ጽሑፍ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ዋይፋዩ በእጅ ተዘግቷል ይላል እኮ» አለ ባለ ድመቱ።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቷል» አልኩት።

ድፍረቴን አያችሁ?

ለነገሩ ጎኑ ላይ የነበረው ፕላስተር ነው። ነጭ የሐኪም ቤት ፕላስተር፣ ሁለት ጣት የምታክል። ኤርሚ ስንጥቅ የደፈነባት መሰለኝ። እሱ ሁሉንም ነገር በፕላስተር ነው የሚጠግነው። ቻርጀሩን፣ መነጽሩን፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት። ስለዚህ ያቺ ፕላስተር ለኔ የእጁ ሥራ ናት። አልነካኋትም። ጠርዟ መላጥ ስትጀምር ደግሞ ሱፐር ግሉ ቀባኋት።

ይህችን ሱፐር ግሉ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዛሬ።

ኤርሚና ሕይወት የምትባል ጓደኛው የጀመሩት ትንሽ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ ሊኑክስ የሚወዱ የሆሳዕናና የአካባቢዋ ልጆች ግሩፕ። አንዳንድ ቅዳሜ ጋሽ ናስር ፎቶ ኮፒ ቤት እንሰበሰባለን። ጋሽ ናስር የግሩፑ አባል አይደለም። ወንበርና ዋይፋይ ይሰጠናል፣ ከዚያ ያሾፍብናል።

«እኔ ዊንዶውስ የጫንኩለት ሰው አንድም ቀን ጉባኤ ጠርቶ አያውቅም» አለ ዛሬም።

የዛሬው ጉባኤ ስለ እኔ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ኮሌጅ እጀምራለሁ። በመጨረሻ የነገርኳት እናቴ «ወይ ይሠራ፣ ወይ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫንና ተማርበት» ብላለች። ልክ ናት። ፋይሎቹን በፍላሽ ማውጣት ይቻላል። ያቺን የቁርስ መስመርም መልሼ መጻፍ እችላለሁ። ግን ያኔ የጻፍኳት እኔ እሆናለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ከቤት የወጣሁት ምንም ሳልበላ ነው። ያልኳችሁ ቀን ይቺ ናት።

ዘለቀ የሚባል የግሩፑ ልጅ ከሺንሺቾ በሚኒባስ መጣ። ከሞተ ላፕቶፕ ላይ የፈታትን የዋይፋይ ካርድ በሶፍት ጠቅልሎ፣ የደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ። «የመጨረሻው ተስፋ ነው፣ አትተንፍሱባት» አለን።

ላፕቶፑን ገለበጥን። እኔ ብሎን ፈታሁ። ሕይወት የኤርሚን ካርድ አውጥታ የዘለቀን ገጠመች። ስድስት ሰው እንደ ሐኪም ከቦ ቆመ። አበራነው።

የለም።

ሕይወት የኤርሚን ካርድ መልሳ ገጠመችና ተነፈሰች። «ካርዱ አይደለም ታሬ። ሲስተሙ ነው የተበላሸው። እንደ አዲስ ከመጫን ሌላ የቀረን ነገር የለም።»

የመጫኛውን ፍላሽ ሰካች።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

እሺ ለማለት አፌን ስከፍት አክስቴ ገባች።

አክስቴ ታደለች የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከሌሞ በጋሪ ገበያ መጥታ፣ ዕቃ እንድጭንላት ፈልጋኝ ነው። ጃንጥላ በአንድ እጇ፣ ያልተሸጠች ዶሮ በብብቷ።

«እናቴ፣ ዶሮ ኮፒ አናደርግም» አላት ጋሽ ናስር።

«አንተን ኮፒ ካላደረጉህ ይበቃል» አለችው። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። «ይሄ የኤርሚ አይደለም? ሆዱን ምን አደረጋችሁት?»

«ታሞ ነው እማማ» አለች ሕይወት።

አክስቴ ጎንበስ አለች። ጎኑን አየች። ቀና ብላ እኔን አየች።

«ይቺን ፕላስተር እስካሁን አላነሳችኋትም?»

«ኤርሚ ነው የለጠፋት» አልኩ።

«የምን ኤርሚ? እኔ ነኝ እንጂ።»

ዶሮዋ ብቻ አንድ ነገር አለች።

አክስቴ ዝም ብላ ማስረዳት ጀመረች፣ እኛ ሞኝ የሆንን ይመስል። ሞኝ ነበርን።

«በለቅሶው ጊዜ ጓደኞቹ ፎቶውን ሊያወጡ ከፈቱት። ሰው ያለቅሳል። ይሄ ደግሞ ሰማያዊ መብራት ጎኑ ላይ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ልጁ ሞቶ ዕቃው ዓይኑን ይጠቅሳል? ሬዲዮኑን ዘግተናል። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍነናል። ይሄን ምን ላድርገው? ጎኑን ስዳብስ ምላስ የምትመስል ትንሽ ነገር አገኘሁ። ገፋኋት፣ ጠፋ። ልጆች እንዳይከፍቱት ለጠፍኩባት። ፕላስተሯ ከኤርሚ መድኃኒት ጋር የተረፈች ነበረች።»

ዘለቀ ካርዱን በሶፍቱ መልሶ ጠቀለለ።

«እና መቼ ነው የሚነሳው?» አለ ዘለቀ ቀስ ብሎ።

«ሬዲዮኑን የከፈትን ቀን መነሳት ነበረባት። ረሳኋት።» አክስቴ እጇን ላፕቶፑ ላይ አሳረፈች። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እሱ ብቻውን ሀዘን ተቀምጦ ኖሯል?»

እኔ ወደ ሕይወት ዞርኩ። አንድ የሚረዳኝ ሰው ፈልጌ ነው። እሷ ግን ጣቷን እየቆጠረችብኝ ነበር።

«መጀመሪያ ያሳየኸኝ ቀን ይሄ ምንድነው ብዬህ ነበር። አትንኪው አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ከሀዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል?»

ይሄው ነው ነገሩ። ስድስት ሰው፣ አንዱ ከሺንሺቾ፣ በይሉኝታ ፕላስተሯን እያዩ ዝም ብለውኛል። አንድም ይሉኝታ ያልያዘው ሰው ባለ ድመቱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሰደብኩት።

አክስቴ ልትልጣት ሞከረች። እንቢ አለቻት። በጥፍሯ ሞከረች።

«ማነው እንዲህ አርጎ ያጣበቃት? እኔ እንዲህ አልለጠፍኳትም!»

ሱፐር ግሉን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር።

ጋሽ ናስር ምላጭ አመጣ። ፋቀ፣ ፋቀ፣ ፋቀ። በየመሃሉ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምንም አይልም፣ ይፍቃል። የሰው ልጅ እንዲህ በዝምታ ተሰድቦ አያውቅም።

ከሥሯ ማብሪያዋ ወጣች። ትንሽዬ። ባለ ድመቱ እንዳለው። በዚያው ቦታ።

ሕይወት እጇን ስትሰድ ከለከልኳት። «አክስቴ፣ አንቺ ነሽ የዘጋሽው፣ አንቺ ክፈቺው።»

አክስቴ ዶሮዋን ለዘለቀ ሰጠችው። ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። ገፋች።

ብልጭ። ብልጭ።

«ያው፣ ጠቀሰ» አለች።

ከዚያ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ዋይፋዩ ፓስዎርድ አልጠየቀም። ዝም ብሎ ገባ። ጋሽ ናስርን አየነው። እሱ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ያያል።

«ኤርሚ ነው ያስገባው» አለ። «እዚያ ጥግ ወንበር ላይ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ፓስዎርዱን አልቀየርኩትም።»

ማንም ጥጉን አላየም። ሁላችንም ግን ኤርሚን እዚያ አየነው።

እኔ አልሰበርኩትም።

ይቺን አንዴ ልድገማት። እኔ አልሰበርኩትም። ሳቄ መጣ። ሲጀምረኝ አልቆም አለኝ፣ ዓይኔም አብሮ ሄደ፣ ሌሎቹም ተከተሉኝ። ዘለቀ ዶሮ ታቅፎ «ለዚህ ነው ከሺንሺቾ የመጣሁት?» ሲል ጋሽ ናስር ወንበር ያዘ።

ሕይወት ፍላሹን ነቀለች። ብሎኑን አስረን አጥፍተን አበራነው። መስመሯ መጣች። አክስቴ «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት።

«ታሬ፣ ቁርስ ሳትበላ ዕቃዬን አትንካ።»

አክስቴ ፊቴን አየችው። «በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ይሄው!» አለች ለተሰበሰበው ሁሉ። «እናንተ ካርድ ትፈታላችሁ። ልጁ ምክንያቱን ጽፎ ነው የሄደው።»

ዕቃዋን ጋሪው ላይ ጭኜ ተመለስኩ። ፕላስተሯን አልጣልኳትም። ክዳኑ ላይ ናት፣ ከውስጥ በኩል። በምን እንዳጣበቅኋት አትጠይቁኝ።

ከዚያ ፎረሙ ገብቼ ሁሉንም ጻፍኩ። ማብሪያ እንዳለው፣ ለቅሶውን፣ ሰማያዊውን መብራት፣ አክስቴን። ይቅርታም ጠየቅኩ። ባለ ድመቱ ወዲያው መለሰ።

«ስለ ወንድምህ አዝናለሁ። ለአክስትህ ሰላም በልልኝ። አሁን ጉዳዩን ዝጋው።»

ልዘጋው ስል ፎረሙ «የችግሩ ምክንያት ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዝርዝር አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። ሶፍትዌር። ሃርድዌር። የተጠቃሚ ስህተት።

አክስት የሚል የለም።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትጫኑ ነበር? ጻፉልኝ። እስከዚያ እኔ እህል ልቅመስ፤ ሳልበላ እንዳልነካው ተነግሮኛል።