ጭስ ያልነካው ቅርጫት

ከጅብ ይልቅ ቅርጫት የሚያስፈራበት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ሶዶ፣ ጎረቤቴ ማርታ ዘንድ ገብቼ አውቃለሁ። ማርታ ከሣር ቤት ወጥታ ቆርቆሮ ቤት ስትገባ፣ እናቷ የሠሩላትን የቀርከሃ ቅርጫት ሳሎን ሰቀለችው። "እንዳትነኩት!" ስትል እንግዳው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። እኔማ መተንፈስም እፈራ ነበር።

አንድ ቀን አስነጠሰኝ። የቅርጫቱ ግማሽ ተንዶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት! ከሻንቶ ለጥየቃ የመጡት እናቷ ስብርባሪውን አንስተው አዩት።

"ነቀዝ ጨርሶታል። ከምድጃ በላይ ሰቅለሽ ጭስ አታሳዪውም ነበር እንዴ፣ ልጄ?"

"በቆርቆሮ ቤት ጭስ? ሰው ምን ይለኛል!"

ለካ እኛ ትንፋሻችንን ስንፈራለት፣ እሷ በየማለዳው ከሥሩ "አቧራ" ብላ ትጠርግ የነበረው ቅርጫቱን ራሱን ኖሯል!